«ለምን ጥለው አይወጡም?» የጋዛ ሰው ለጦርነቱ የከፈለው ዋጋ

«ቆይ ግን፣ ለምን ጥለው አይወጡም?»

ጥያቄውን የሰማሁት ሻይ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ጋዛን ያሳያል። አንዲት እናት ፍራሽ ተሸክማ፣ ልጅ በእጇ ይዛ ትሄዳለች። የጠየቀው ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ነው። በክፋት አይደለም፤ እንዲያውም አንጀቱ ተላውሶ ነው። በእኛ አካባቢ ጦርነት ሲመጣ ሰው ይሸሻል። በ2020 መጨረሻ ከትግራይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተከዜን ተሻግረው ሱዳን ገቡ። በ2023 ሱዳን ስትነድ ደግሞ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ እኛ መጡ። መንገዱ ክፉ ነው፤ ግን መንገድ አለ። ስለዚህ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ የሞኝ ጥያቄ አይደለም።

መልሱ ግን ረጅም ነው። የዚያን ቀን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ሞክሬ አልተሳካልኝም። እዚህ ልሞክር። ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መሬቱን እንየው። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ያለውን መንገድ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የጋዛ ርዝመት ከዚያ ትንሽ ያንሳል፤ 41 ኪሎ ሜትር ነው። ወርዱ በጠበበበት 6፣ በሰፋበት 12 ኪሎ ሜትር። ጠቅላላ ስፋቱ 365 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባ ብቻዋን ከ500 ትበልጣለች። ጦርነቱ ሲጀመር እዚያ ላይ 2.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ ግማሽ ያህሉ ልጅ ነው።

በሰሜንና በምሥራቅ የእስራኤል አጥር አለ። በምዕራብ ባሕር ነው፤ ባሕሩን የእስራኤል ባሕር ኃይል ይጠብቀዋል። ዓሣ አጥማጁ እንኳ ምን ያህል እንደሚርቅ ተወስኖለታል። በደቡብ ግብጽ ናት፤ ለሰው የሚሆን አንድ በር አላት፣ ራፋህ። አውሮፕላን ማረፊያም ነበራቸው። በ1998 ተከፈተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማኮብኮቢያው ፈረሰ። በ2007 ሐማስ ጋዛን በኃይል ሲቆጣጠር እስራኤልና ግብጽ በሮቹን ዘጉ። ከዚያ ወዲህ ለሕክምና እንኳ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። ከጦርነቱ በፊት ሃያ ዓመት ሞልቶት ከዚያች ምድር አንድ ቀን ወጥቶ የማያውቅ ወጣት ማግኘት ብርቅ አልነበረም።

ኦክቶበር 7 ቀን 2023 የሐማስና የሌሎች ቡድኖች ታጣቂዎች አጥሩን ጥሰው ደቡብ እስራኤል ገቡ። 1,200 ያህል ሰው ገደሉ፤ አብዛኞቹ ሲቪሎች ናቸው። 251 ሰው አግተው ወሰዱ። ይህን ዘልሎ ስለ ጋዛ ማውራት አይቻልም። አሽቀሎን ወይም ኪርያት ጋት ሆኖ ይህን የሚያነብ ቤተ እስራኤላዊ ያን ቀን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ሳይረኑንም፣ ማማዱንም።

ማማድ ላላወቀው፣ በኮንክሪት የተጠናከረ የቤት ውስጥ መጠለያ ክፍል ነው። ሳይረን ሲጮህ ቤተሰቡ እዚያ ይገባል። ጋዛ ውስጥ ለሕዝብ የተሠራ መጠለያ የለም። ሳይረንም የለም። ሐማስ ከምድር በታች በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ዋሻ ቆፍሯል፤ ዋሻው ግን ለተዋጊ ነው። ለእናትና ለልጅ ብሎ የቆፈረው የለም። ይህን ሳስብ የሚያናድደኝ ነገር አለ፤ ሲሚንቶ አልጠፋም ማለት ነው።

ጦርነቱ በተጀመረ በሳምንቱ፣ ኦክቶበር 13፣ የእስራኤል ጦር በሰሜን ጋዛ ለሚኖረው ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ትእዛዝ አወጣ። በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ደቡብ ውጡ የሚል ነው። ሰው ወጣ። በአህያ ጋሪ፣ በእግር፣ ሽማግሌ በተሽከርካሪ ወንበር። በዲሴምበር ደግሞ ጋዛን ከ600 በላይ ቁጥር በተሰጣቸው ቁርጥራጮች የከፋፈለ ካርታ ወጣ። ቁጥርህን ማወቅ፣ የትኛው ቁጥር ልቀቅ እንደተባለ መከታተል ያንተ ፈንታ ነው። ካርታው ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። መብራት የለም፤ ኢንተርኔቱም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል።

ካን ዩኒስ ሂዱ ተባለ፤ ሄዱ። ካን ዩኒስ ጦር ሜዳ ሆነች። ወደ ራፋህ ተባለ፤ በሜይ 2024 ታንክ ራፋህ ገባ። ወደ ማዋሲ ተባለ። ማዋሲ የባሕር ዳር አሸዋ ነው፤ ውኃ የለው፣ ሽንት ቤት የለው። እሱም ተደበደበ። የተባበሩት መንግሥታት እንደሚለው 1.9 ሚሊዮን ሰው፣ ማለትም ከአሥር ሰው ዘጠኙ፣ ከቤቱ ተፈናቅሏል። አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ ድንኳን የነቀለ ቤተሰብ ሞልቷል።

ስለዚህ የሻይ ቤቱ ጥያቄ ግማሹ ስህተት ነው። ሸሽተዋል። እንደነሱ የሸሸም የለም። ሽሽቱ ግን ከአንድ ክፍል ጥግ ወደዚያው ክፍል ሌላ ጥግ ነው።

የጥያቄው ሌላው ግማሽ ግን ይቀራል። ለምን ግብጽ አይገቡም?

ጥቂቶች ገብተዋል። እስከ ሜይ 2024 ድረስ በራፋህ ለመውጣት «ተንሲቅ» የሚባል ነገር ነበር። ቃሉ ዓረብኛ ነው፤ ማስተባበር ማለት ነው። በተግባር ግን በአንድ የግል ድርጅት በኩል ለአንድ አዋቂ 5,000 ዶላር፣ ለልጅ ግማሹን ከፍሎ ስምን ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያለው፣ ወርቅ የሸጠ፣ በኢንተርኔት መዋጮ ያሰባሰበ ወጣ። ወደ 100 ሺሕ የሚጠጋ ሰው ግብጽ እንደገባ ይነገራል። እዚያም መኖሪያ ፈቃድ ማግኘት ቀላል አልሆነላቸውም፤ ልጅ ትምህርት ቤት ማስገባትም እንደዚያው። ጦሩ የራፋህን በር ሲይዝ ይህም መንገድ ተዘጋ።

ግብጽ በሩን በሰፊው ያልከፈተችበት የራሷ ምክንያት አላት፤ የሲና በረሃ ጸጥታ ያስፈራታል። ዋናው ምክንያት ግን ግብጽም ፍልስጤማውያኑም አፍ አውጥተው የሚናገሩት ነው። የወጣ አይመለስም። ይህን ለመረዳት ወደ 1948 መመለስ ያስፈልጋል።

በዚያ ዓመት እስራኤል ስትመሠረትና ጦርነት ሲነሳ ከ700 ሺሕ በላይ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ሸሹ ወይም ተባረሩ። እነሱ «ነክባ» ይሉታል፣ መዓት። አብዛኛው ሰው የወጣው ለሁለት ሳምንት መስሎት ነው። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሁለት ሳምንቱ ሰባ ምናምን ዓመት ሆነ። በዲሴምበር 1948 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፣ ከጎረቤት ጋር በሰላም መኖር የሚፈልግ ስደተኛ ወደ ቤቱ ይመለስ የሚል ውሳኔ አሳለፈ፤ ቁጥሩ 194 ነው። አልተፈጸመም። እስራኤል እነዚህ ሁሉ ሰዎች ቢመለሱ አይሁዳዊ አገር ሆና መቀጠል እንደማትችል ትናገራለች። ያ የበር ቁልፍ ዛሬም በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ በሩ ግን የለም።

ከነዚያ ስደተኞች 200 ሺሕ ያህሉ የተጠራቀሙት ጋዛ ነው። በፊት የነበረው ነዋሪ 80 ሺሕ ገደማ ነበር። እንግዳው ባለቤቱን ከእጥፍ በላይ በለጠው። ድንኳኑ በጊዜ ብዛት ብሎኬት ሆነ፣ ብሎኬቱ ፎቅ ሆነ። ጃባሊያ፣ ሻጢ፣ ኑሴይራት እያልን በዜና የምንሰማቸው «ካምፖች» እንዲህ የተፈጠሩ ከተሞች ናቸው። ከጋዛ ሕዝብ ከሦስት ሰው ሁለቱ በላይ የእነዚያ ስደተኞች ዘር ነው።

አማርኛ «ስደተኛ» እና «ተፈናቃይ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት። ድንበር የተሻገረው ስደተኛ ነው፣ አገሩ ውስጥ የተነቀለው ተፈናቃይ ነው። የጋዛ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነው። በፌብሩዋሪ 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትራምፕ የጋዛ ሕዝብ ሌላ አገር ይውሰደው፣ ቦታው የባሕር ዳር መዝናኛ ይሁን የሚል ሐሳብ ሲያነሱ፣ ከአያቱ ቁልፍ የወረሰ ሰው ምን እንደተሰማው መገመት ከባድ አይደለም።

ለዚህ ነው በጃንዋሪ 2025 ተኩስ አቁም ሲታወጅ ያ ሁሉ ሰው በባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ሰሜን የጎረፈው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በእግራቸው ወደ ፍርስራሽ ተመለሱ። ቤቱ እንደሌለ ያውቃል። ሄዶ ፍርስራሹ ላይ ድንኳን ይተክላል። ካልሄደ የአያቱ ታሪክ ይደገማል ብሎ ነው።

የሟቹ ቁጥር ከየት ይመጣል?

በዜና «የጋዛ ጤና ሚኒስቴር እንዳለው» የሚል ሐረግ እንሰማለን። አንዳንዱ «ሐማስ ያወጣው ነው» ብሎ ይተወዋል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ማየት ይሻላል።

ሚኒስቴሩ በሐማስ አስተዳደር ሥር ነው፤ እውነት ነው። ቁጥሩን ግን በአፍ ብቻ አይናገርም። የሟቹን ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታና የመታወቂያ ቁጥር የያዘ ዝርዝር በየጊዜው ያወጣል። የሕዝብ መዝገቡን የመጨረሻ ቁጥጥር የያዘችው እስራኤል ስለሆነች የመታወቂያ ቁጥሩን ማመሳከር ትችላለች። የበፊት ጦርነቶችንም ማየት ይቻላል። በ2014ቱ ጦርነት ሚኒስቴሩ 2,310፣ የተባበሩት መንግሥታት 2,251፣ እስራኤል 2,125 ሟች ቆጥረዋል። ልዩነቱ ይኼው ነው። ዝርዝሩ ግን ተዋጊውን ከሲቪሉ አይለይም፤ ይህ እውነተኛ ጉድለቱ ነው። ቢሆንም ከሟቾቹ ግማሽ በላይ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን እንደሆኑ ዕድሜና ጾታው ይናገራል።

በ2025 መጨረሻ ቁጥሩ 70 ሺሕ አልፏል። ቁስለኛው ከ170 ሺሕ በላይ ነው። ፍርስራሽ ሥር ያለው አልተቆጠረም። ኢንሱሊን አጥቶ፣ የኩላሊት እጥበት ተቋርጦበት የሞተውም እዚያ ውስጥ የለም።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2025 መጀመሪያ አንድ ጥናት አውጥቶ ነበር። ዘዴው ደስ ይላል፤ ልንገራችሁ። ተመራማሪዎቹ ሦስት ዝርዝር ወሰዱ። የሆስፒታል መዝገብ፣ ቤተሰብ በኢንተርኔት የሞላው ቅጽ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የወጣ የሐዘን መግለጫ። ከዚያ ስሞቹ በሦስቱ መካከል ምን ያህል እንደሚደጋገሙ አዩ። የዕድር ጸሐፊ ይህን ወዲያው ይረዳዋል። በዕድሩ መዝገብ ያለው ስም ሁሉ በቀበሌውም መዝገብ ካለ፣ ሰፈሩ ተጠቃሎ ተመዝግቧል ትላለህ። ብዙው ስም በአንዱ ብቻ ከተገኘ ግን፣ በሁለቱም ያልገባ ሌላ ብዙ ሰው እንዳለ ትጠረጥራለህ። በዚህ ስሌት እስከ ጁን 2024 መጨረሻ በቦምብና በጥይት የሞተው 64,260 ገደማ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ቀን ሚኒስቴሩ የያዘው 37,877 ነበር። አጋነነ የተባለው ቆጣሪ አሳንሶ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር። እንዴት በአንድ ድብደባ ሃያ፣ ሠላሳ ዘመዳሞች ይሞታሉ? መልሱ የቤት አሠራር ውስጥ ነው። ጋዛ ውስጥ መሬት የለም፤ ስለዚህ ቤት ወደ ላይ ነው የሚያድገው። አባት ምድር ቤቱ ላይ ይኖራል። ትልቁ ልጅ ሲያገባ አንደኛ ፎቅ ይሠራል፣ ተከታዩ ሁለተኛውን። አያት፣ አጎት፣ የልጅ ልጅ አንድ ደረጃ ይጠቀማሉ። በሰላሙ ጊዜ ይህ ሀብት ነው። ቡና ለማፍላት እንኳ ከግቢ አይወጣም። ሕንፃው ሲመታ ግን የሚጠፋው ቤተሰብ ሳይሆን ዘር ነው።

ሐኪሞቹ ለዚህ አዲስ መጠሪያ ለመፍጠር ተገድደዋል። «የቆሰለ ሕፃን፣ በሕይወት ያለ ቤተሰብ የለውም።» በሕሙማን መዝገብ ላይ በምህጻረ ቃል ይጽፉታል፤ ሙሉውን ለመጻፍ ጊዜ ስለሌላቸው። የፍልስጤም ስታቲስቲክስ ቢሮ በኤፕሪል 2025 ባወጣው መረጃ ከ39 ሺሕ በላይ ልጆች አንድ ወላጅ ወይም ሁለቱንም አጥተዋል። ሁለቱንም ያጡት 17 ሺሕ ያህል ናቸው።

እስራኤል በበኩሏ ሐማስ ሆን ብሎ በሰው መሀል ይዋጋል፣ ከቤትና ከሆስፒታል ሥር ይመሽጋል ትላለች። በሰፈር መሀል መዋጋቱን የሚክድ ብዙ የለም። ግን የጦርነት ሕግ የተጻፈው ለዚሁ ነው። አንዱ ወገን ሕግ ጣሰ ተብሎ የሌላው ግዴታ አይፈርስም። የምትመታው ነገር ወታደራዊ መሆኑን ማረጋገጥ፣ የምታገኘውን ጥቅም ከሚሞተው ሲቪል ጋር መመዘን ይጠበቅብሃል። ሲቪሉ ከማንም ጋር ውል አልተፈራረመም።

ስለ ረሃቡም ልናገር። እኛ ረሃብ ሲባል በራሳችን አቆጣጠር የ77ቱን ነው የምናስበው። ሰማይ ሲዘጋ፣ መሬት ሲሰነጠቅ። (እዚያም ውስጥ ጦርነት እንደነበረበት እንረሳለን፤ ይሁን።) ጋዛ ድርቅ አልነበረም። ምግቡ በጭነት መኪና ተጭኖ ከድንበሩ ማዶ ቆሟል። ከጦርነቱ በፊት በቀን 500 ያህል መኪና ይገባ ነበር። ከማርች 2 ቀን 2025 ጀምሮ ለአሥራ አንድ ሳምንት ያህል ምንም እንዳይገባ ተደረገ። እስራኤል ሐማስ እርዳታውን ይሰርቃል አለች። ከዚያ በአሜሪካ የተደገፈ አዲስ አሠራር መጣ። የተባበሩት መንግሥታት 400 ያህል የማከፋፈያ ቦታዎች ነበሩት፤ አዲሱ አራት ብቻ ከፈተ፣ በወታደር ቀጠና ውስጥ። ሰው ሌሊት ተነስቶ ኪሎ ሜትሮች ይሄዳል፤ ወጣት የሆነ ይደርሳል፣ ደካማ ይቀራል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ በሁለት ወር ውስጥ ከ1,000 በላይ ሰው ምግብ ፍለጋ ወጥቶ መገደሉን መዝግቧል።

ኦገስት 22 ቀን 2025 በጋዛ ከተማና አካባቢዋ ረሃብ መግባቱ በይፋ ተነገረ። ይህን የሚያውጀው አይፒሲ የሚባል ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ሥርዓት ነው። «ረሃብ» የሚለውን ቃል እንዲሁ አይጥለውም፤ ሦስት መለኪያ አለው። ከአምስት ቤተሰብ አንዱ የሚላስ የሚቀመስ ያጣ፣ ሕፃናት በሰፊው የከሱ፣ በየቀኑ ከ10,000 ሰው ሁለቱ በረሃብ ምክንያት የሚሞቱ። የሕፃናቱን መክሳት የሚለኩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን በሚያውቁት በዚያው የክንድ መለኪያ ጥብጣብ ነው። እስራኤል መግለጫውን ውሸት ብላ አልተቀበለችም። በኦክቶበር 2025 ሌላ ተኩስ አቁም ከተደረገ በኋላ ምግብ በብዛት ሲገባ ረሃቡ ቀነሰ፤ በሩ ሲከፈት ረሃቡ ወጣ ማለት ነው።

ገንዘብ ያለውም አልዳነም። ባንክ ወድሟል፤ አዲስ ብር አይገባም። የሚሠራበት የእስራኤል ሼክል እጅ በእጅ ሲዞር አልቆ ተቀደደ። የተቀደደ ብር በሙጫ የሚጠግን ሙያተኛ ተፈጠረ። ደመወዝህ በስልክህ አካውንት ውስጥ ቢኖርም ወደ ጥሬ ገንዘብ ለመቀየር ነጋዴው ኮሚሽን ይቆርጣል። በ2025 ክረምት ኮሚሽኑ 40 ከመቶ ደርሶ ነበር። ከመቶ ብርህ ስልሳው እጅህ ይገባል። በዚያ ስልሳ ዱቄት ትፈልጋለህ።

ማን ጠየቃቸው?

«ሐማስን የመረጡት እነሱ አይደሉም እንዴ?» ይህ ደግሞ ሁለተኛው የሻይ ቤት ጥያቄ ነው።

የመጨረሻው የፓርላማ ምርጫ የተደረገው በጃንዋሪ 2006 ነው። ሐማስ 44 ከመቶ ያህል ድምፅ አገኘ፤ ግን ከ132 መቀመጫ 74ቱን ወሰደ። ግማሹ መቀመጫ በየወረዳው የሚወዳደሩበት ስለነበር ነው። ተቀናቃኙ ፋታህ በየወረዳው እርስ በርሱ ተሻምቶ ድምፁን በታተነ። የቀረው ስሌት ቀላል ነው። በዚያ ቀን 18 ዓመት የሞላው ሰው ጦርነቱ ሲጀመር ከ35 በላይ ነበር። ከዚያ በታች ያለው፣ ማለትም አብዛኛው የጋዛ ሕዝብ፣ በሕይወቱ ማንንም መርጦ አያውቅም። ኦክቶበር 7ንም ማንም አላማከረውም።

በሌላዋ የፍልስጤም ግዛት፣ በዌስት ባንክ፣ የፍልስጤም አስተዳደርን የሚመሩት ማሕሙድ አባስ ደግሞ በጃንዋሪ 2005 ለአራት ዓመት ነበር የተመረጡት። ዛሬም ሥልጣን ላይ ናቸው። በሜይ 2021 ምርጫ ሊደረግ ተቀጥሮ ተሰረዘ። የተሰጠው ምክንያት እስራኤል በምሥራቅ ኢየሩሳሌም ድምፅ መስጠት አልፈቀደችም የሚል ነው። ሽንፈት ፈርተው ነው የሚለው ሐሜት ግን እስካሁን አልበረደም፤ እኔም ሐሜቱን አላጣጥለውም።

በማርች 2025 ቤይት ላሂያ ውስጥ ሰው አደባባይ ወጥቶ ሐማስ ይውጣ፣ ጦርነቱ ይብቃ ብሎ ጮኸ። ከላይ ድሮን፣ ከጎን ታጣቂ። እንዲህ ዓይነት ድፍረት ብዙ አላየሁም። የውጭው ዓለም ግን ሁለት ቀን አይቶ ረሳው። ለአንዱ ወገን ደጋፊዎች አልተመቸም፤ ሌላው ወገን ደግሞ ለራሱ ክርክር ብቻ ፈለገው።

ዌስት ባንክ ቦምቡ ያነሰ፣ መታነቁ የበዛ ነው። እዚያ ያለው አንዱ ማነቂያ «መቃሳ» ይባላል። በ1994ቱ የፓሪስ ስምምነት መሠረት ለፍልስጤም በሚገባ ዕቃ ላይ ያለውን ቀረጥ እስራኤል ትሰበስብና በየወሩ ለፍልስጤም አስተዳደር ታስተላልፋለች። የአስተዳደሩ ገቢ አብላጫው ይህ ነው። ስትቀየም ትቀንሳለች ወይም ትይዛለች። አስተማሪና ነርስ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ሙሉ ደመወዝ ማየት ትተዋል። እስራኤል ገብተው ይሠሩ የነበሩ ከ150 ሺሕ በላይ የቀን ሠራተኞችም ከኦክቶበር 7 በኋላ ፈቃዳቸው ታገደ። ከአንድ ቤት የመንግሥት ደመወዝም፣ የቀን ሥራም አብሮ ሲቀር አስቡት።

በጃንዋሪ 2025 በተጀመረ ዘመቻ የጄኒን፣ የቱልካረምና የኑር ሻምስ ካምፖች ነዋሪዎች እንዲወጡ ተደረገ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ኦክቶበር የወይራ መልቀሚያ ወር ነው፤ ለእነሱ እንደ እኛ የጤፍ አጨዳ። በኦክቶበር 2025 የተባበሩት መንግሥታት ዌስት ባንክ ውስጥ በሰፈሩ እስራኤላውያን የተፈጸመ ከ260 በላይ ጥቃት መዘገበ፤ መቁጠር ከጀመረበት ከ2006 ወዲህ ከፍተኛው ነው።

ፍርድ ቤቶቹስ? ሁለት ናቸው፤ ሰው ያደባልቃቸዋል። ሁለቱም ሄግ ናቸው። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት አገርን ይዳኛል። ደቡብ አፍሪካ በዲሴምበር 2023 እስራኤልን በዘር ማጥፋት የከሰሰችው እዚያ ነው። ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2024 ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጠ፤ ዋናው ፍርድ ዓመታት ይወስዳል። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ደግሞ ሰውን ይዳኛል። በኖቬምበር 2024 በእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ፣ በቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ጋላንትና በሐማሱ አዛዥ ዴይፍ ላይ የእስር ማዘዣ አወጣ። እስራኤል ክሱን ሁሉ አትቀበልም። ፍርድ ቤቱ የራሱ ፖሊስ የለውም። ኔታንያሁ በኤፕሪል 2025 ያኔ የፍርድ ቤቱ አባል የነበረችውን ሃንጋሪን ጎብኝተው በቀይ ምንጣፍ ተመለሱ።

በሴፕቴምበር 2025 ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ፖርቱጋልና ፈረንሳይ ለፍልስጤም መንግሥት ዕውቅና ሰጡ። ዕውቅና የሰጡት አገሮች ከ150 በላይ ሆኑ። በዚያው ወር አሜሪካ በጸጥታው ምክር ቤት ለስድስተኛ ጊዜ የጋዛን ተኩስ አቁም ውሳኔ ድምፅን በድምፅ በመሻር መብቷ (በቬቶ) ጣለች። ሁለቱን ዜና አንድ ሳምንት ውስጥ ድንኳን ሆኖ የሰማ ሰው ምን ያድርግበት?

ተኩስ አቁሙ የመጣው ኦክቶበር 10 ነው። ከሦስት ቀን በኋላ በሕይወት የነበሩት 20 ታጋቾች በሙሉ ወደ ቤታቸው ገቡ። ጦሩ «ቢጫ መስመር» ወደተባለው ድንበር ሸሸት አለ። መስመሩ በቢጫ የተቀባ ኮንክሪት ነው። ከመስመሩ ወዲያ ያለው፣ ከጋዛ ግማሽ በላይ፣ በእስራኤል ጦር እጅ ነው። ወዲህ ባለው 170 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሁሉም ሰው ተጠጋግቷል። ተኩሱም ጨርሶ አልቆመም፤ ከስምምነቱ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል፤ ከፊሎቹ ወደ መስመሩ ሲጠጉ። ቤቱ ወዲያ ማዶ የቀረ ሰው ፍርስራሹን በዓይኑ ያየዋል፤ ሊጠጋው አይችልም። ከአምስት ሕንፃ አራቱ ተጎድቷል ወይም ፈርሷል። መልሶ ለመገንባት 70 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ተብሏል።

ከዚያ ተኩስ አቁም አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 2025፣ ጋዛ ውስጥ ፈተና ነበር። ተውጂሂ ይባላል፤ የእኛን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በሉት። ተፈታኞቹ በ2006 የተወለዱ ልጆች ናቸው፤ ያ የመጨረሻ ምርጫ በተደረገበት ዓመት። በ2024 መፈተን ነበረባቸው፤ አልሆነም። ትምህርት ቤት ስለሌለ ፈተናው በስልክ ሆነ። ከ20 ሺሕ በላይ ተማሪዎች ተመዘገቡ። ጠዋት ስልኩን ሶላር ባለበት ቦታ ቻርጅ ያደርጋል፣ መስመር የሚይዝበት ድንኳን ይፈልጋል፣ ለሰዓቱ ይከፍላል፣ አሸዋ ላይ ቁጭ ብሎ መለያ ቁጥሩን ያስገባል።